መልስ፦ መሪ «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ካለ በኋላ ምን ይከተላል?
ጤና ይስጥልኝ። አንድ መሪ በአደጋ ጊዜ ለታየ ድክመት ኃላፊነት ከወሰደ በኋላ በተግባር የሚለወጥ ነገር አለ ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አሜሪካን የመታው የካትሪና አውሎ ነፋስ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 የኒው ኦርሊንስ የጎርፍ መከላከያዎች ተደርምሰው አብዛኛው የከተማዋ ክፍል በውኃ ተዋጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በከተማዋ የስብሰባ ማዕከል ተጠልለው በቂ ምግብና ውኃ ሳያገኙ ሲንገላቱ፣ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ማይክል ብራውን ግን ስለ እነርሱ የሰሙት ገና በዚያው ዕለት መሆኑን በአራተኛው ቀን በቴሌቪዥን ተናገሩ። ሰውየው (ከመንግሥት ሥራ በፊት የዐረብ ፈረሶች ማኅበር ባልደረባ ነበሩ) ሴፕቴምበር 12 ሥልጣን ለቀቁ፤ በማግስቱም ፕሬዚዳንት ቡሽ የፌዴራል መንግሥቱ ሥራውን በሚገባ ሳይወጣ ለቀረበት ያህል ኃላፊነቱን እንደሚወስዱ አስታወቁ። አነጋገሩ በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ስለሆነ ብቻውን ብዙ ክብደት አልሰጠውም። ይልቅስ ቁም ነገሩ ዋይት ሐውስ ራሱ በ2006 ስሕተቶቹን ዘርዝሮ ማውጣቱና፣ ኮንግረሱ በዚያው ዓመት ባጸደቀው ሕግ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በአደጋ አመራር የተረጋገጠ ችሎታና ዕውቀት ያለው እንዲሆን ማስገደዱ ነው። የሚገርመው ቡሽ ሕጉን ሲፈርሙ፣ ይህ ድንጋጌ የፕሬዚዳንቱን የሹመት ምርጫ ያጠብባል የሚል ቅሬታ በጽሑፍ አስፍረዋል።