ሶፎክልስም ገንዘብ ያዥ ነበር

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ረዝሟል፣ ቢሆንም ሳልሰለች ጨረስኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን በአጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ የሚማር የአራተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነው። ከቲያትር ክበቡ ልጆች ጋር የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ወደ ጎጃም አምጥተው እያዘጋጁ ነው፤ አዘጋጁ እሱ ነው። ቢቸና አካባቢ ያሉት አባቱ ይህን ሰሙና «በሬ ሸጬ ያስተማርኩህ አዝማሪ እንድትሆን ነው?» ብለው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉት። አሁን ቲያትሩን ይተው ወይስ ዲፓርትመንት ቀይሮ ጠቅልሎ ይግባበት፣ ግራ ገብቶታል።

ዲፓርትመንት አትቀይር። አራተኛ ዓመት ደርሰህ ከዜሮ ልትጀምር? ምን ነካህ! የመውጫ ፈተናውን ካላለፍክ ደግሞ ዲግሪው የለም፤ ከልምምዱ ሰዓት ቀንሰህ ለእሱ ስጥ።

አሁን ወደ አባትህ። ይህን መልስ ያጻፈኝ የእሳቸው ንግግር ነው።

በሬው ቀልድ አይደለም። በሬውን የሸጠ ገበሬ የቀረችውን አንዷን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ ተራ እየጠበቀ ነው የሚያርሰው። ስለዚህ አባትህን «አይገባቸውም» ብለህ እንዳታልፋቸው። አዝማሪን ስድብ ማድረጋቸውን ግን አልቀበልም። እዚያው አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዱ ቅኔ ሲያሳምር «ይበል!» የሚሉት እኮ እሳቸውና መሰሎቻቸው ናቸው። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። ከቅኔ ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ ገብቶ ቲያትር የጻፈ ጎጃሜ ነው፤ ዛሬ ሰው ስሙን የሚያነሳው በክብር ነው።

ሶፎክልስን ራሱን ተመልከተው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ443 አካባቢ የአቴንስ ገንዘብ ያዥ ነበር። ከአጋር ከተሞች የሚሰበሰበውን ግብር ከሚቆጣጠሩት ሹሞች አንዱ ማለት ነው፣ በአንተ ቋንቋ ፋይናንስ። ትንሽ ቆይቶ ከአቴንስ መሪ ከፔሪክልስ ጋር የጦር አዛዥ ሆኖ በሳሞስ ደሴት ዘመቻ ነበረበት። «አንቲጎኔ» የወጣውም በእነዚያው ዓመታት ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ቲያትሩም ቢሆን የሥራ ፈት ጨዋታ አልነበረም፤ ሀብታም ዜጋ የኮረሱን፣ ማለትም መድረክ ላይ በጋራ የሚዘምረውን ቡድን፣ የልምምድና የልብስ ወጪ ከኪሱ እንዲችል በግዴታ ይመደብበት ነበር። ይህንን ለአባትህ ንገራቸው። ሒሳብ ሠሪና ቲያትር ሠሪ አንድ ሰው መሆን ይችላል።

እኔ ባንክ ውስጥ ቴለር ነበርኩ፣ በኋላ ወደ ሰው ሀብት ተዛወርኩ። የአካውንቲንግ ምሩቃን ሲቪ ሲከመር ሁሉም አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። ዲግሪ፣ ኤክሴል፣ «በቡድን መሥራት እችላለሁ»። እስቲ በቡድን የሠራኸውን አንድ ነገር ንገረኝ ስትለው ዝም። አንተ ግን ከነጋዴዎች ብር ለምነሃል፣ ጋቢና መብራት ተውሰህ በስም መዝግበሃል፣ ቤተሰቧ የከለከላትን ተዋናይት በሌላ ተክተሃል፣ ልምምዱን በሚድ ፈተና ዙሪያ አሸጋሽገሃል። ይህንን እንደ ተራ ነገር በሁለት መስመር ጽፈህ ስለ መክሊትህ አንድ ገጽ መጻፍህ ገርሞኛል። እኔን ብትጠይቀኝ ችሎታህ ያለው በሁለቱ መስመር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቲያትሩን ጨርሰው፣ ሒሳቡንም በደንብ ያዝ። ገቢውን፣ ወጪውን፣ ደረሰኙን፣ ተውሰህ የመለስከውን ሁሉ። ሲያልቅ የክበቡ ኃላፊ መምህር ይፈርምበት። ሲቪህ ላይ «አዘጋጅ» ብቻ ብለህ አትለፍ፤ ስንት ሰው እንደመራህና ስንት ብር እንዳንቀሳቀስክ ጻፍ።

ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ቢቸና ውረድ። በስልክ አይሆንም። አባትህ የሚሰሙት አጎት ካለ ይዘኸው ግባና መዝገቡን አሳያቸው። ቲያትሩን ላይወዱት ይችላሉ፣ በትክክል የተዘጋ ሒሳብ ግን የሚጠላ ገበሬ አላውቅም። «ልጄ ባንክ ይገባል» የሚለውን ተስፋቸውንም አለሳልሰህ ንካው፤ ዲግሪ ስላለህ ብቻ ባንክ ወንበር ይዞ አይጠብቅህም፣ እሳቸውም ይህን ቢያውቁት ይሻላል። ድራማው ውስጥ ሄሞን አባቱን ንጉሥ ክሬዮንን መጀመሪያ የሚያናግረው እንዴት በአክብሮት እንደሆነ ታስታውሳለህ? ሁሉም የተበላሸው እልህ ከገባ በኋላ ነው። አንተ መጀመሪያው ላይ ቁም።

በቲያትር ብቻ መኖር ይቻላል ወይ ላልከው፣ ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፣ አዲስ አበባ ብሔራዊና ሀገር ፍቅር አሉ፤ ቋሚ ቅጥር ግን ጥቂት ነው። እነሱም ቢሆኑ ፋይናንስ ክፍል አላቸው፣ እሱን አትርሳ። እህቴን አስተምራለሁ ላልከው ደግሞ፣ ደመወዝህን ሳታይ ይህን ያህል እልካለሁ ብለህ ቃል አትግባ።

ኮረሱን ሙሾ አውራጅ ማድረግህን ወድጄዋለሁ። ድራማው ንጉሡ እንዳይቀበር ስለከለከለው የአንቲጎኔ ወንድም ነው፤ ፍትሐትና ተዝካር የተከለከለ ሬሳ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ግን በሶፎክልስ ኮረሱ ንጉሡን የሚፈሩ የቴብስ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሁሉንም አልቃሽ ካደረግሃቸው ፍርሃቱ ይጠፋብሃል። ሁለት ሦስት ሽማግሌ አስቀርልን።

ክሬዮንን ራሴ ልጫወተው ወይ ብለሃል። አይሆንም። አዘጋጅም ገንዘብ ያዥም ሆነህ ንጉሥነቱን ደርበህ የምትይዝበት ጊዜ የለህም፤ ለሌላ ልጅ ስጠው።