ኤፍ ወይስ ጂ? ወንድምሽ ከዱባይ ሳይነሳ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የአርክቴክቸር 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ አርጅቶ አውቶካድ ስከፍት ድርቅ ይልብኛል፣ ስለዚህ ዘንድሮ ዴስክቶፕ ራሴ ልገጣጥም ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው። ወንድሜ ዱባይ ነው የሚሰራው፣ ሲመጣ ፕሮሰሰሩን ይዞልኝ ይመጣል። እሱ ኮር አይ5 12400ኤፍ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ ይላል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ራይዘን 5 5600ጂ ይሻልሻል አለኝ። ግራፊክስ ካርድ አሁን አልገዛም፣ ብሩ አይበቃም። ስራዬ አውቶካድና ስኬችአፕ ነው፣ ከቻለ ሉሚዮንም (ስዕሉን እውነተኛ አስመስሎ የሚያሳየው ፕሮግራም)፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ፊፋ ይጫወትበታል። የቱን ልበለው? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ሳይገዛ ጠየቅሽ። ዛሬውኑ ደውዪለትና 12400ኤፍን ተወው በዪው። ፕሮሰሰሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ 6 ኮርና 12 ትሬድ ያለው (ኮር ስራውን የሚሰራው ክፍል ነው፣ ትሬድ ደግሞ በአንዴ የሚይዘው የስራ መስመር) ጎበዝ እቃ ነው፣ ግን መጨረሻው ላይ ያለችው ኤፍ ውስጡ ግራፊክስ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) የለውም ማለት ነው፣ ዋጋው የሚቀንሰውም ለዚሁ ነው። ካርድ ሳይኖርሽ ብትገጣጥሚው ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ መሰኪያም ምንም አያወጣም። ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ብለው ተሸክመውት ወደ ሱቅ የሚመላለሱ ልጆች አይቻለሁ፣ ያሳዝኑኛል፣ እቃው ደህና ነው እኮ።

ደግሞ ሁለቱ ካምፓኒዎች፣ ኮር አይን የሚሰራው ኢንቴልና ራይዘንን የሚሰራው ኤኤምዲ፣ አሰያየማቸው የተገላቢጦሽ ነው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኢንቴል ላይ ፊደል የሌለው 12100 ወይም 12400 ግራፊክስ አለው፣ ኤፍ ሲጨመርበት የለውም። ኤኤምዲ ላይ ግን በኤኤም4 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት መሰኪያ ዓይነት) ፊደል የሌለው 5600 ግራፊክስ የለውም፣ ያለው ጂ የተጨመረበት ነው። ስለዚህ ወንድምሽ «5600ጂ አጣሁ፣ 5600 ላምጣልሽ?» ካለሽ እምቢ በይ።

የኔ ምርጫ 5600ጂ ነው፣ ጓደኛሽ ልክ ነው። ለእውነቱ አውቶካድና ስኬችአፕ ብዙውን ስራ የሚሰሩት በአንድ ኮር ስለሆነ አይ3 12100ም (ያለ ኤፍ) በስዕሉ በኩል አያሳፍርሽም፣ እንዲያውም በአንድ ኮር ፍጥነት 5600ጂን ይበልጠዋል። ግን 4 ኮር ነው፣ ግራፊክሱም ደካማ ነው፣ ሶስት ፕሮግራም ከፍተሽ ስትሰሪና ታናሽሽ ጌም ሲጫወት ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ሉሚዮንን ግን በሁለቱም አትጠብቂ፣ እሱ ስራውን የሚሰራው በግራፊክስ ካርድ ነው፣ ካርዱን ስትገዢ ይደረስበታል።

አንድ ነገር አደራ፣ ራሙን 16 ጊጋ አንድ ፍሬ ሳይሆን 8 ጊጋ ሁለት ፍሬ ግዢ። ውስጠ ግራፊክሱ የራሱ ሚሞሪ የለውም፣ ከራሙ ተበድሮ ነው የሚሰራው፣ ራሙ በሁለት መስመር ሲመጣለት ጌም ላይ በጣም ይፈጥናል። የራሙ ዓይነት ዲዲአር4 መሆኑን አረጋግጪ፣ ዲዲአር5 ኤኤም4 ቦርድ ላይ አይገባም። ቦርዱን እዚህ የምትገዢ ከሆነና ሞዴሉ ቢ450 ከሆነ ደግሞ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) አሮጌ ሆኖ 5600ጂን ላያውቀው ይችላል፣ ቦርዱ ከ5600ጂ በፊት በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ሱቁ ባዮሱን አፕዴት አድርጎ እንዲሰጥሽ ሳትከፍዪ በፊት ተነጋገሪ።

አሁን ዋናው፣ የመንገዱ ነገር። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ እንዲቀለው ካርቶን ይጥላል። ካርቶኑን ይጣለው፣ ፋኑን ግን አብሮ ያምጣ፣ ፕሮሰሰሩንም ከፕላስቲክ ማቀፊያው በፍጹም እንዳያወጣው። ኤኤም4 ፕሮሰሰር ሆዱ ላይ 1331 ፒን አለው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። የኔን ፕሮሰሰር የአክስቴ ልጅ ጃኬት ኪስ ውስጥ አድርጎ አመጣልኝ፣ ሲደርስ ጥጉ ላይ ሰባት ፒን ተኝቷል። እርሳሱን ያወጣሁለት የ0.5 ሜካኒካል እርሳስ ጫፍ ፒኑ ላይ እያጠለቅኩ አንድ በአንድ፣ ትንፋሼን ይዤ ቀና ቀና አደረግኳቸው፣ ሶስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሰራልኝ፣ ግን አንዱ ተሰብሮ ቢሆን ማልቀስ ነበር የቀረኝ። ስትገጥሚውም በጣትሽ አትጫኚው፣ ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን የወርቅ ሶስት ማዕዘን ቦርዱ ላይ ካለችው ጋር አገናኝተሽ ልቀቂው፣ በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል።

ጥያቄ፦ ለልጄ አብረን ኮምፒውተር እንድንገጣጥም ቃል ገብቻለሁ። ያገለገለ 6ኛ ጀነሬሽን አይ5 ከነቦርዱ በርካሽ ተገኝቷል። ልግዛ? በኋላ 8ኛ አስገባበታለሁ ብዬ ነው። (አንድ አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ባይገዙት ይሻላል። ዊንዶውስ 11 ከጥቂት 7ኛ ጀነሬሽን በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በኋላ 8ኛ አስገባለሁ ያሉትም አይሆንልዎትም፣ ሶኬቱ ሁለቱም ላይ 1151 ተብሎ ቢጠራም የ6ኛው ቦርድ 8ኛውን አያስነሳውም። ትንሽ ጨምረው ያገለገለ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ለምሳሌ አይ5 8400፣ ከነቦርዱ ይፈልጉ፣ ሱቁ ውስጥ ስክሪን ላይ ሰክተው እስኪነሳ ሳያዩም አይክፈሉ፣ ልጁንም ይዘውት ይሂዱ።