የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች እስከ ዛሬ ለምን ይወደዳሉ?

ወንድሜ፣ ጃፓኖቹ በልጠው ሳለ ዘይት የሚያፈሱት የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች እስከ ዛሬ የሚወደዱት ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ስለ ድክመታቸው ያሉት እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750 በአራት ሲሊንደር፣ በኤሌክትሪክ ማስነሻና በፊት ዲስክ ፍሬን ሲመጣ፣ አብዛኞቹ እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ሳይክሎች ገና በእግር እየተረገጡ ይነሡ ነበር።

ይሁን እንጂ ትራያምፍ ቦነቪልን ይመልከቱ። የትራያምፍ ንድፍ አውጪው ኤድዋርድ ተርነር በ1930ዎቹ ካወጣው ንድፍ የተወለደው ባለ 650 ሲሲ ሞተር ሁለቱ ፒስተኖቹ አብረው ወጥተው አብረው ስለሚወርዱ፣ ንዝረቱ በመሪው በኩል እስከ ክንድ ድረስ ይሰማል፤ ይህ ለመሐንዲስ ጉድለት ቢሆንም፣ ለነጂው ግን ሞተሩ በየቅጽበቱ ምን እየሠራ እንዳለ የሚነግረው ምልክት ነው። ደግሞም ሁሉም ነገር ከውጭ ስለሚታይ፣ ካርቡራተሩን መፍታትም ሆነ ቫልቩን ማስተካከል በጥቂት መፍቻዎች በቤት ይቻላል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህንን ነው።

ትራያምፍ ይሠራበት የነበረው የሜሪደን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘግቷል፤ በሌላዋ የእንግሊዝ ከተማ በሂንክሊ እንደገና የተቋቋመው ትራያምፍ ግን ቦነቪልን ያንኑ መልክ አስይዞ መልሶታል። ዘይት ማፍሰሱን በተመለከተ፣ አንዱ ምክንያት የሞተሩ ማቀፊያ በቁመት ለሁለት ተከፍሎ የሚገጠም መሆኑ ነውና፣ የመጋጠሚያው ፊት በደንብ ተጠርጎ በዘመናዊ ማሸጊያ ሲገጠም ፍሳሹ በእጅጉ ይቀንሳል።