ስለ ትንሿ ፒራሚዳሊስ፣ አናቶሚ ለምትማሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ አናቶሚ ስታጠኑ ትላልቆቹ ጡንቻዎች ጊዜያችሁን ይጨርሱታል። ፈተናው ከእነሱ ስለሚወጣ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን ዛሬ ብዙዎቻችሁ ዘላችሁ ስለምታልፏት ፒራሚዳሊስ ልጽፍላችሁ ነው።

ከእምብርት በታች፣ በሆዳችን የታችኛው ጫፍ ያለች ሦስት ማዕዘን ጡንቻ ናት። ከፕዩቢስ፣ ማለትም ከሆድ ግርጌ ፊት ለፊት ካለው የዳሌ አጥንት ትነሳለች። ወደ ላይ እየጠበበች ሄዳ ሊኒያ አልባ በሚባለው፣ በሆድ መሃል ከላይ ወደ ታች በሚወርደው ነጭ የጅማት መስመር ላይ ትያያዛለች። የምትገኘው በሆድ ፊት ቀጥ ብሎ ከሚወርደው ረጅም ጡንቻ፣ ከሬክተስ አብዶሚኒስ ፊት፣ እሱን በሚይዘው በዚያው ሽፋን ውስጥ ነው። ስትኮማተር ሊኒያ አልባን ትወጥራለች።

ታዲያ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ጭራሽ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ነው ያለው። በሁለቱም ጎን ብትኖር እንኳ ቀኙና ግራው እኩል ላይሆን ይችላል። የሌለው ሰው ጤነኛ ነው፤ ይሮጣል፣ ሸክም ያነሳል፣ ይወልዳል።

ዲሴክሽን ላይ፣ ማለትም አስከሬን እየከፈተ ሲያጠና ግን ተማሪ ሲያጣት ይደነግጣል። ቆርጬ ጣልኳት ብሎ ይጨነቃል። አንዳንዱም ከሬክተስ ላይ ጥቂት ክሮች ለይቶ «ይቺውና!» ይላል። አደራ፣ ይሄን አታድርጉ። ሽፋኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና የክሮቹን አቅጣጫ ተከተሉ። የሬክተስ ክሮች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ የፒራሚዳሊስ ግን ወደ መሃል ያዘነብላሉ። ፈልጋችሁ ካጣችሁ «በግራ በኩል የለም» ብላችሁ ጻፉ። ይሄ ሙሉ መልስ ነው፤ ማንም መምህር ሊቀንስባችሁ አይገባም። መጽሐፉ የሣለው አንድ አካል ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ደግሞ የራሱ አካል ያለው ሰው ነው፣ የሌለውን አትጻፉበት።

ወደ ማህፀንና ጽንስ ሕክምና የምትገቡ፣ ኦፕራሲዮን ክፍልም ከእሷ ጋር ትገናኛላችሁ። ጀርመናዊው ሐኪም ፋነንስቲል በ1900 ባሳወቀው አግድም ቁርጥ ስታዋልዱ፣ ሽፋኑን ወደ ፕዩቢስ በኩል ስታላቅቁ እዚያው ናት፤ ካለች ማለቴ ነው። ክሮቿ ወደ መሃል ስለሚሰበሰቡ መሃሉን ለማግኘት ይረዷችኋል።

የስፖርት ሕክምና የሚስባችሁ ደግሞ የብሽሽት ጉዳትን ስታጠኑ አትርሷት። በ2017 የወጣ ጥናት ፒራሚዳሊስ ከፕዩቢስ ፊት ባለው ጅማት በኩል ከጭኑ የውስጥ ጡንቻ ከአዳክተር ሎንገስ ጋር እንደምትያያዝ አሳይቷል። ለዘመናት እንደ ትርፍ ስትታይ ለኖረች ጡንቻ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔም ሳነበው በጣም ደስ ብሎኛል።

ስለዚህ ላቦራቶሪ ስትገቡ አንድ የጋራ ደብተር ያዙ። በየጠረጴዛው ጾታውን፣ በቀኝ መኖሯን፣ በግራ መኖሯን፣ ርዝመቷን መዝግቡ። ያጣችሁባቸውንም ጭምር። ከዚያ ለሚቀጥለው ባች አስረክቡት።