አውሮፕላን ውስጥ መሬት ላይ የሚሞቀው፣ አየር ላይ የሚበርደው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ ከኮምቦልቻ ተነስተው በአዲስ አበባ በኩል ጅዳ ሲሄዱ፣ ቦሌ ላይ ገና ሳይነሱ በሙቀት ተጨነቁ። ከጣሪያው ነጭ ጭስ ሲወርድ አይተው ደነገጡ። አየር ላይ ደግሞ በብርድ ተንቀጠቀጡ። አሁን ድጋሚ ሊሄዱ ነው፣ አንቺም "አውሮፕላኑ ብልሽት ነበረው ወይ?" ብለሻል።

አብሽሪ። ደሴ ከመመለሴ በፊት 11 ዓመት አውሮፕላን ጥገና ላይ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩትም የአየር ማቀዝቀዣው ጋ ነው። ሦስቱም ነገር ደህና አውሮፕላን ላይ የሚያጋጥም ነው።

የአብዛኛው ጄት ኤሲ እንደ ፍሪጅ በጋዝ አይሠራም። የሚሠራው በራሱ በአየር ነው። ኮምቦልቻ ጎሚስታ ጋ ቆመሽ ታውቂያለሽ? የከባድ መኪና ጎማ ሲያስተነፍስ እጅሽን ብታስጠጊ የሚወጣው አየር ይቀዘቅዛል። የብስክሌት ፓምፕ ደግሞ ሲነፉበት ይግላል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሲለቀቅ ይበርዳል። ነገሩ በሙሉ እዚህ ላይ ነው የቆመው።

ሞተሩ አየር ስቦ ይጨምቃል። ነዳጅ ሳይነካው ጥቂቱ ይቀነሳል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በቧንቧ ሆዱ ሥር ወዳለው "ፓክ" ወደምንለው ማሽን ይመጣል። እዚያ የውጭ አየር እንደ ራዲያተር ያበርደዋል፣ እንደገና ይጨመቃል፣ እንደገና ይበርዳል፣ መጨረሻ ላይ በአንዲት ትንሽ ተርባይን ውስጥ ይለቀቃል። ከእሷ ሲወጣ በረዶ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከዚያ በማጣሪያ ካለፈው የውስጥ አየር ጋር ግማሽ በግማሽ ገደማ ይቀላቀላል። ለየክፍሉ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ትኩስ አየር ይጨመርበታል፣ ሻወር ላይ ሙቅና ቀዝቃዛ እንደምታመጣጥኚው።

ሙቀቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። መሬት ላይ ዋናዎቹ ሞተሮች ጠፍተዋል። አየር የምትሰጠው ጅራቱ ላይ ያለች ትንሽ ሞተር ነች፤ ኤፒዩ እንላታለን። በሩ ክፍት፣ ፀሐዩ ከላይ፣ ሰዉ ሙሉ። ዋናው ሞተር ሊነሳ ሲል ደግሞ ያ አየር ለማስነሻ ስለሚፈለግ ፓኮቹ ይዘጋሉ። ነፋሱ ድንገት ጭጭ የሚለው ያኔ ነው። ሰው ሁሉ ወረቀት አንስቶ ማራገብ ይጀምራል። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ ግን ራሴ ተሳፋሪ ሆኜ፣ በነሐሴ ሙቀት አንድ የዓረብ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኤፒዩዋ ተበላሽታ ተቀመጥን። ከውጭ በወፍራም ቱቦ ቀዝቃዛ አየር ቢያስገቡም አልበቃም። ሕፃናት ያለቅሳሉ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ይጠርጋሉ። ምን እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። እስካሁን ያናድደኛል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነገረን ግማሹ ጭንቀት ይቀል ነበር።

ጭሱ ጭስ አይደለም፣ ጉም ነው። ክረምት ጠዋት ከጦሳ ተራራ ላይ እንደሚወርደው ያለ። እርጥብ አየር ከፓኩ ቅዝቃዜ ጋር ሲገናኝ ነው የሚፈጠረው። በቆዩት ፓኮች ላይ ያን ውሃ የሚይዝ የጨርቅ ከረጢት አለ። ሲደፈን ጉሙ ይብሳል። ብዙ ቀይሬያለሁ፤ ስታወጪው ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ እንደ ታጠበ ካልሲ ከብዶ ነው። እናትሽ የሚለዩት እንዲህ ነው፦ ጉም ሽታ የለውም፣ ጥቂት ወርዶም ይጠፋል። የሚሸትና የሚያስል ከሆነ ግን ወዲያው ለሆስተሷ ይናገሩ።

ብርዱስ? በ35,000 ጫማ ላይ ውጭው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ነው። ግድግዳው ያንን ይቀበላል፣ መስኮት ጋ የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል። አየሩ ከላይ ገብቶ በእግር በኩል ስለሚወጣ መጀመሪያ የሚበርደው እግር ነው። ሰውነትም ለሰዓታት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መተላለፊያው ጋ ያለ ወንበር ያዢላቸው። ወፍራም ካልሲና ጋቢ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ ወደ ጭነት እንዳትልኪው። ከራሳቸው በላይ ያለችውን ክብ የአየር ቀዳዳ ማዞር ከቤት አሳዪያቸው፤ ብዙ እናቶች እንደምትዘጋ አያውቁም። ውሃም ይጠጡ፣ እዚያ ላይ አየሩ በጣም ደረቅ ነው።

ከፍታውን አትፍሪላቸው። በብዙ ጄት ውስጥ ያለው አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 8,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ነው፣ 2,400 ሜትር ገደማ። ደሴ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች። በ787 ድሪምላይነር ከሄዱ 6,000 ጫማ ነው፣ ኮምቦልቻ አካባቢ ማለት ነው። ያ አውሮፕላን የክፍሉን አየር ከሞተሩ አይወስድም፣ በኤሌክትሪክ መጭመቂያ ነው የሚያስገባው። ጆሯቸው ከተደፈነ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እንደምናደርገው ምራቃቸውን ይዋጡ።

ከበረዳቸው ደግሞ ዝም ብለው አይቻሉ። በየክፍሉ የሙቀት መለኪያ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 30 ዲግሪ ይስተካከላል። በአንዳንዱ ሆስተሷ ራሷ ትነካዋለች፣ በሌላው ፓይለቱን ትጠይቃለች። "ልጄ፣ በረደኝ" ካሏት ይበቃል።