መልስ፦ ሦስተኛው ቅጽ ላይ ቆሞ የቀረ ተከታታይ ልቦለድ

አስማት ያለበትን ተከታታይ ልቦለድ ሦስተኛው ቅጽ ላይ አቁመህ፣ «ልቀጥል ወይስ ከመጀመሪያው ልጀምር? ጅማ ቤቴ ያለውን ያልተነበበ የመጽሐፍ ክምርስ ምን ላድርገው?» ላልከው፦ ቀጥል፤ ከአንደኛው ቅጽ ግን እንደገና አትጀምር። ከወራት በኋላ ስትመለስ ገጸ ባሕርያቱ ከተምታቱብህና ያልተነበበው ክምር ካስጨነቀህ እንዲህ አድርግ፦

1. የሁለተኛውን ቅጽ የመጨረሻ ሁለት ምዕራፎች ብቻ አንብብ። ለቀጣዩ ቅጽ የሚተላለፈው ክር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

2. በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ስም፣ ወገንና መጨረሻ የታየበትን ቦታ ጻፍ። ከአሥር ስም አትለፍ። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን የልቦለዱን ዓለም ካርታ በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ንባቡን የሚቆርጠው በየገጹ ወደ ካርታው መመላለስ ነው።

3. ካቆምክበት 20 ገጽ ያህል ወደ ኋላ ተመልሰህ ቀጥል።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለውን የስሞች መዘርዝር በጥንቃቄ ክፈት፤ ማን እንደሞተ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያወጣ አለ። ለእረፍት ከክምሩ አንድ ራሱን የቻለ አጭር መጽሐፍ ያዝ እንጂ ሌላ ተከታታይ አትጀምር። የሁለቱ ዓለማት አስማት ሕጎች ይደባለቁብሃል።

ክምሩን በተመለከተ፦ ወለል ላይ ከግድግዳ አስጠግተህ አትተወው። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ወረቀት ይሻግታል። ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ አምስት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገህ አቁመው። ፕላስቲክ ውስጥ ማሰር እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል። የሻገተ ካገኘህ ጥላ ውስጥ ነፋስ እየመታው ይድረቅ፣ ከዚያ ደጅ አውጥተህ በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው። ሳይደርቅ ከጠረግከው ሻጋታውን ወረቀቱ ላይ ትቀባዋለህ።