ለ7 ዓመቷ ልጅሽ የጉሮሮ ሕመም፦ ከደም ምርመራው በፊት አፏ ይታይ

እህቴ፣ ልጅሽ ስትውጥ እንደሚያማትና እንደሚያተኩሳት፣ ጎረቤትሽ «እንጥሏን አስቆርጪላት» እንዳለችሽ፣ መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ያለ ማዘዣ አዚትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ለሦስት ቀን ሊሸጥልሽ እንደፈለገ ጽፈሻል። ሁለቱንም አታድርጊ። በቤቴ የደረሰ ስለሆነ እንደ ታላቅ እህት ልንገርሽ።

1. እንጥሏን ማንም እንዳይነካት። እንጥል መቁረጥ ጉሮሮ ላይ ያለውን ባክቴሪያ አያጠፋም፤ ደም መፍሰስን፣ ማመርቀዝንና ቴታነስን ግን ሊያመጣ ይችላል።

2. አፏን ከፍቶ በባትሪ የሚያይላት ባለሙያ ፈልጊ። ትልቋ ልጄ ልክ እንደ ልጅሽ በታመመች ጊዜ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት የደም ምርመራ ወረቀት ጻፈ። «ዶክተር፣ የሚያማት ጉሮሮዋን ነው፤ እባክዎ አፏን ይዩልኝ» ብለው «ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አለኝ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። ውጤቱ ሲመጣ ታይፎይድ ተባለና ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘላት። ለታይፎይድ የሚደረገው ይህ የደም ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ በቀድሞ ሕመምም ሆነ በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያት «አለባት» ሊል ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ጉሮሮ ላይ ለሰፈረ ስትሬፕቶኮከስ ለሚባል ባክቴሪያ የሚታመኑበት መድኃኒት አይደለም። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ በረደ፤ ዳነች ብለን ተደሰትን።

ሳምንታት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ክርኗ። ሪፈራል ሆስፒታል ልቧ በአልትራሳውንድ ሲታይ አንዱ ቫልቭ በደንብ ስለማይገጥም ደም ወደ ኋላ ይመልስ ነበር። ሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነቷ መከላከያ ዞሮ የራሷን ልብ መታ። አሁን በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ ገና ለዓመታት ትቀጥላለች። አንድም ቀጠሮ አላሳለፍንም፣ በዚህም እኮራለሁ። በአንዲት መርፌ ወይም በርካሽ አሞክሲሲሊን ይቀር የነበረ ነገር መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. ምልክቱን አንቺም እወቂው። ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ ፓራሲታሞልና ሞቅ ያለ የሚጠጣ ነገር ይበቃታል፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልጋትም። ሳል ሳይኖር ትኩሳት ካላት፣ ቶንሲሏ አብጦ ነጭ ነገር ከያዘ፣ ከመንጋጋዋ ሥር ሲነኩት የሚያም ንፍፊት ካለ ግን ስትሬፕቶኮከስ መጠርጠር አለበት። ጉሮሮን በጥጥ ነክቶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ስለማይገኝ ባለሙያው የሚወስነው በእነዚሁ ምልክቶች ነው። የኤኤስኦ የደም ምርመራ ካዘዙልሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ፤ እሱ የሚናገረው ስላለፈ ኢንፌክሽን ነው፣ የዛሬውን የጉሮሮ ሕመም ለመለየት አይሆንም።

ትንሹ ልጄ በታመመ ጊዜ እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ለጤና መኮንኗ ነገርኳት። እሷም በትዕግሥት ሰምታኝ፣ አፉን አይታ፣ አንገቱን ዳስሳ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው መሆን አለመሆኑን ጠይቃ መርፌውን ሰጠችው። ክብደቱ ከ27 ኪሎ በታች ስለነበር 600,000 ዩኒት ነበር፤ ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን ነው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች አሉን፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። መርፌው ካስፈራት አሞክሲሲሊን ይሆናል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ተሻላት ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ 10 ቀን ሙሉ ነው።

ምራቋን መዋጥ አቅቷት ከተዝረከረከ፣ አፏን መክፈት ካልቻለች ወይም ትንፋሽ ካጠራት ጤና ጣቢያ ተራ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሕመሙ የጀመረበትን ቀን አልጻፍሽም። ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ካገኘች ሩማቲክ ትኩሳቱን መከላከል ይቻላል። ቀኑን ቁጠሪና ነገ ጠዋት ውሰጃት፤ ያሉሽንም እዚሁ ጻፊልኝ።